«አንድ ቪዛ ለስምንት አገር» የሚለውን የክረምት ፓኬጅ አትግዙ

ለክረምት ጉዞ እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ የሴሚናሪ ተማሪዎች፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ባለፈው ክረምት ከናይሮቢ እስከ ጆሃንስበርግ በየብስ የወረድነው በአንድ አስጎብኚ በኩል ነው። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ግን ዘንድሮም ያንኑ ፓኬጅ ይዞ በየሴሚናሪው እየዞረ ነው።

ማባበያው «አንድ ቪዛ ለስምንት አገር» ነው። ለቪዛው ብቻ 350 ዶላር ይቀበላል። እንዲህ ያለ ቪዛ የለም! ያሉት ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች ናቸው። አንዱ የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ ነው። 100 ዶላር ነው፤ የሚሠራውም ለኬንያ፣ ለዩጋንዳና ለሩዋንዳ ብቻ። ታንዛኒያ የለችበትም። ሌላው ካዛ ዩኒቪዛ ይባላል። በ50 ዶላር ዛምቢያና ዚምባብዌ ያስገባል፤ በካዙንጉላ ኬላ በኩል ቦትስዋና ደርሶ በዚያው ቀን መመለስም ይፈቅዳል። እሱም ለሁሉም ፓስፖርት አይሰጥም፤ የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር አለው።

የሚያናድደው ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የመጀመሪያውም ብዙ አይጠቅምም። ኬንያ ያለ ቪዛ እንገባለን። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ትሰጣለች። የምትቀረው ዩጋንዳ ናት፤ የአንድ ጊዜ መግቢያዋ 50 ዶላር ነው። ሰውየው ክፍት በር ነው የሸጠልን።

ናማንጋ ኬላ ላይ የታንዛኒያዋ መኮንን ወረቀታችንን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ለጎረቤቷ አሳየችው። ሁለቱም ሳቁ። ቪዛ የተባለው የአስጎብኚው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። ሹፌሩ ስልኩን ይዞ ከአውቶብሱ ጀርባ ዞረ፤ አስጎብኚው አያነሳም። ወደ ናይሮቢ ተመልሰን በራሳችን ገንዘብ አመለከትን፣ ጠበቅንም።

ፕሮግራሙንም ልብ ብላችሁ አንብቡት። ጉዞው የሚነሳው በሐምሌ ነው፤ «በናሙጎንጎ የሰማዕታት በዓል መሳተፍ» ይላል። የዩጋንዳ ሰማዕታት በዓል ጁን 3 ነው፣ በእኛ ግንቦት 26። እኛ ስንደርስ ሕዝቡ ከሄደ ቆይቷል። ቦታውን ማየት ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1887 ስለ እምነታቸው የተገደሉት 22 ካቶሊኮችና 23 አንግሊካኖች ናቸው፤ ናሙጎንጎ ላይ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው መታሰቢያ አላቸው። ለነገረ መለኮት ተማሪ ይህ ብቻ ለብዙ ውይይት ይበቃል።

«ከዳሬሰላም እስከ ቪክቶሪያ ፏፏቴ በባቡር» የሚለውም ውሸት ነው። ታንዛኒያንና ዛምቢያን የሚያገናኘው የታዛራ ባቡር 1,860 ኪሎ ሜትር ሄዶ ዛምቢያ ውስጥ ካፒሪ ምፖሺ ከተማ ላይ ያበቃል። ከዚያ እስከ ሉሳካ፣ ከሉሳካ ፏፏቴው አጠገብ እስካለችው ሊቪንግስተን አውቶብስ ነው፤ የአውቶብሱን ሒሳብ ማን ይከፍላል? እናንተ። ባቡሩ መዘግየቱ የታወቀ ነው እንጂ እኔ በግሌ ወድጄዋለሁ።

ድንበሩ ላይ መንዛሪዎች ባቡሩ ውስጥ ድረስ ይገባሉ። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ከገንዘቧ ከክዋቻ ላይ ሦስት ዜሮ ቆርጣለች። በሺዎች የተጻፈበት የክዋቻ ኖት ከዘረጉላችሁ አሮጌ ነው፣ አይሠራም። አንዱ ጓደኛችንን 50,000 የሚል ኖት ሊያስይዙት ነበር፤ ልጁ ለደቂቃ ሀብታም ሆኖ ነበር።

ጃኬትም ያዙ። ጆሃንስበርግ በሐምሌ ብርድ ነው፤ ፓኬጁ ላይ «ሞቃታማ አየር» ተብሎ ተጽፏል።

ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን አገር ቪዛ ከየኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ራሳችሁ እዩ። ዋጋው ለየአገሩ ተነጣጥሎ የተጻፈበት ውልና ደረሰኝም ጠይቁ። እኛ ውል ስንጠይቀው «በእግዚአብሔር ሰዎች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ነበር ያለን። ገንዘባችን ይመለስልን ብለን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ የለም። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌግራም መልእክቶቹን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። የላከልንን ማጥፋት ጀምሯል።