ፓዱን ሳይሆን መጀመሪያ ፕሌቱን እዩ፦ የተክለ ሃይማኖት የፖሊሽ ዕቃ ገበያ

የፖሊሽ ፓድ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተገጥሞ የመኪናውን ቀለም የሚያሸውን፣ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ባለሱቆቹም ይህን ስለሚያውቁ ቢጫውን፣ ብርቱካናማውን፣ ሰማያዊውን መደርደሪያ ላይ ደርድረው ይጠብቃሉ። ማሽኑንና ፓዱን የሚያገናኘው ፕሌት ግን ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ውስጥ ተጥሏል። ስለ እሱ የሚጠይቅም የለም። እኔ እንጀራዬን የምበላው መኪና ፖሊሽ በማድረግ ስለሆነ በሙሉ ልቤ የምናገረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፓድ የሚበጣጠሰው፣ ማሽን የሚንቀጠቀጠው፣ ቀለም የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች በተናቀችው ፕሌት የተነሳ ነው።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን የመኪና ቀለምና የመሣሪያ ሱቆች ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ። ዕቃው ከድሮው በጣም ተሻሽሏል። ስፖንጁ፣ የበግ ፀጉሩ፣ ማይክሮፋይበሩ፣ ሁሉም አለ። ያልተሻሻለው የሻጮቹ መልስ ነው። «ለሁሉም ማሽን ይሆናል ወንድሜ፣ አትጨነቅ» ይሏችኋል። ለሁሉም ማሽን የሚሆን ፕሌት የለም።

ለምን እንደሌለ ልንገራችሁ። ቀጥታ የሚሽከረከረው ማሽን፣ ሮታሪ የምንለው፣ በዓለም ላይ በብዛት በሁለት ዓይነት ጥርስ ይመጣል፤ ጥርስ የምለው ፕሌቱ ዘንጉ ላይ የሚጠመዘዝበትን ነው። የአውሮፓና የእስያ ገበያ ማሽኖች ዘንግ ኤም 14 ነው፤ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 2 ሚሊ ሜትር። የአሜሪካው 5/8 ኢንች ነው፤ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 11 ጥርስ አለው። እኛ ጋ ደግሞ ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ከቻይናና ከዱባይ የሚገባው በአብዛኛው ኤም 14 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣው 5/8 ይሆናል፤ እሱ በዚያ ላይ የ110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

የ5/8 ዘንግ ኤም 14 ፕሌት ውስጥ አይገባም፤ እዚያው ትመልሱታላችሁ፣ ጉዳት የለውም። አደጋው ግልባጩ ነው። ኤም 14 ዘንግ 5/8 ፕሌት ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ግን ይወዛወዛል። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ ዓይኔ እያየ ዘንጉ ላይ የቧንቧ ቴፕ ጠቅልሎ «ይኸው ጠበቀ» ብሎ ለአንድ ደንበኛ ሊሸጥለት ነበር። በደቂቃ 2000 ጊዜ የሚሽከረከር ነገር በቧንቧ ቴፕ አይያዝም! ፕሌቱ ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ካለ ፓዱ አንዱን ጎን ብቻ እየደቃ ይዞራል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ የማሽኑ ኩሽኔታም ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ማሽናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፕሌቱን በእጃችሁ ብቻ አስገቡት። ያለ ቁልፍ እስከ ታች በለስላሳው መውረድ አለበት፣ ግማሽ ላይ ወደ ጎን ስታነቃንቁት ደግሞ መላወስ የለበትም። ከዚያ በእጅ አዙሩትና ጠርዙን ከጎን ተመልከቱ። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ተዉት፣ ሌላ ይምጣ በሉ።

የማሽኑንና የፕሌቱን የተለያየ ጥርስ የሚያገናኝ አዳፕተር ቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል። ጥሩ ቶርነር ካገኛችሁ የሚያምር ሥራ ይሠራል። ዋናው ነገር ሁለቱ ጥርሶች አንድ መሃል ላይ መሆናቸው ነው፤ ብረቱን ሳያወልቅ በአንድ አያያዝ ሁለቱንም እንዲያወጣው ንገሩት። የተዘጋጀ አዳፕተር ካገኛችሁ ግን እሱ ይሻላል።

ጥርስ ገጠመ ማለት ደግሞ ማሽኑ ገጠመ ማለት አይደለም። ብረት የሚቆርጠው ትንሹ ግራይንደር ዘንጉ በብዛት ኤም 14 ስለሆነ የፖሊሽ ፕሌት አምሮበት ይገጥምለታል። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ እንደዚያ ሲሠሩበት አያለሁ፣ ያናድደኛል። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3000 አካባቢ ነው የሚዞረው፤ ግራይንደሩ 11,000 ገደማ ነው። ፋብሪካ የቀባው ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን አስቡት። በዚያ ፍጥነት ክሊሩ እስኪጠፋ ሰከንዶች ይበቃሉ። ፓዱም ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም፤ ተበጣጥሶ ይበተናል፣ ዓይን ያጠፋል።

ዲኤ ማሽን፣ ማለትም እየዞረ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው፣ የራሱ ጣጣ አለው። የብዙዎቹ ፕሌት በመሃል ቡሎን ነው የሚታሰረው። የአውሮፓዎቹ ኤም 8 ሲሆኑ የአሜሪካዎቹ 5/16 ኢንች ናቸው። ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ጥርሳቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። እዚያ ላይ በቁልፍ ያስገደደ ሰው የማሽኑን ጥርስ በላው ማለት ነው። በእጅ የማይገባ ቡሎን በቁልፍ አይገባም።

ሌላው የዲኤ ነገር ክብደት ነው። ማሽኑ ውስጥ ማመጣጠኛ ክብደት አለ፣ የተመጠነውም ለተወሰነ ፕሌትና ፓድ ነው። ለምሳሌ የጣሊያኑ ሩፔስ ባለ 15 ሚሊ ሜትር ውዝዋዜ ማሽኑን ከ125 ሚሊ ሜትር ፕሌት ጋር፣ ባለ 21ዱን ከ150 ጋር ነው የሚሸጠው። የፕሌቱን መጠን እንደፈለጋችሁ ከቀየራችሁ ማሽኑ እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ «ማሽኑ ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል።

ወደ አያያዙ እንምጣ። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ቀጥታ ዘንጉ ላይ የሚጠመዘዝ የበግ ፀጉር ነው። አይወልቅም፣ አይቀልጥም፣ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ችግሩ መቀየሩ ነው፦ ጭረት ከሚቆርጠው ከኮምፓውንድ ወደ ማጠናቀቂያ ስትሄዱ በየጊዜው መፍታት አለባችሁ፣ ሰው ደግሞ ስለሚሰለች በአንዱ ቆሻሻ ፓድ መኪናውን ይጨርሳል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ፊት ፓድ ነው። ስሪኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት፣ አዳፕተሩ ዘንጉ ላይ ይቀራል፣ ፓዱ ቀጭ ብሎ ይገባና ቁልፉን ስትጫኑት ይወጣል። መሃሉን እሱ ራሱ ስለሚጠብቅ ንዝረት የለውም፤ አንዱ ፊት ሲሞላ ገልብጣችሁ ትቀጥላላችሁ። ቀኑን ሙሉ በሮታሪ ለሚሠራ ሰው በጣም እወደዋለሁ። የሚከብደው ፓዱን እንደልብ ማግኘቱ ነው፤ አንዱ ሱቅ አዳፕተሩ ሲኖረው ፓዱ የለውም፣ ሌላው ጋ ደግሞ ግልባጩ። ሁለቱን አብራችሁ ካላገኛችሁ አትግዙ።

ሦስተኛው ቬልክሮ ነው፣ እኔም ለአብዛኛው ሰው የምመክረው እሱን ነው። ዦርዥ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው የፈጠረው፤ ከጫካ ሲመለስ የውሻውና የልብሱ ላይ የተጣበቀውን ጨጎጎት የሚመስል ፍሬ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው ይባላል። ፕሌቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ፓዱ ጀርባ ላይ ያለውን ለስላሳ ክር ይይዛሉ። ጥሩውን ፕሌት ከመጥፎው የሚለዩት እነዚያ መንጠቆዎች ናቸው። ጥፍራችሁን ፊቱ ላይ አሂዱት። ደንደን ብሎ የሚመልስ ከሆነ ጥሩ ነው። ተኝቶ የሚቀር ከሆነ ከሳምንት በላይ አያሠራም። ጠርዙንም እዩት፤ ቬልክሮው በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈበት ርካሽ ፕሌት ሲሞቅ ከጠርዙ መላጥ ይጀምራል።

ሙቀት የቬልክሮ ጠላት ነው። በተለይ መሃሉ አየር ስለማያገኝ መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነው። ያገለገለ ፕሌት ብታገላብጡ መሃሉ ላይ መንጠቆዎቹ ቀልጠው የሚያብለጨልጭ ክብ ታያላችሁ። እዚያ ላይ ምንም አይያዝም፤ ፓዱ በጠርዙ ብቻ ተንጠልጥሎ ይዞርና አንድ ቀን በርሮ የጎረቤት መኪና ላይ ያርፋል። መሃላቸው ቀዳዳ ያላቸውን ፓዶች የምመርጠው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ይወጣል፣ ፓዱንም መሃል ላይ ለማስቀመጥ ይረዳል። ፓዱን ስታወልቁ ደግሞ ጠርዙን ይዛችሁ በቀስታ ላጡት። ስፖንጁን ጨብጣችሁ ከጎተታችሁት ስፖንጁ እጃችሁ ላይ፣ ክሩ ፕሌቱ ላይ ይቀራል።

መጠን ላይ ሕጉ ቀላል ነው፦ ፕሌቱ ከፓዱ ትንሽ ማነስ አለበት። ለ150 ሚሊ ሜትር ፓድ 125 ፕሌት ልክ ነው። እኩል ከሆኑ የፕሌቱ ጠርዝ በር እጀታ ወይም መከላከያ ጋ ሲጠጋ ቀለሙን ይልጠዋል። በጣም ካነሰ ደግሞ የፓዱ ዳር ይንቀለቀላል፣ ኃይሉም መሃል ላይ ይሰበሰባል። እንግዲህ ሱቅ ውስጥ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው የፓድ ስብስብ ብዙ ጊዜ ከፓዱ ጋር እኩል የሆነ ፕሌት ነው ያለው። ፓዱን ውሰዱ፣ ፕሌቱን ለብቻ ግዙ።

ቀለም ላይ እስከ አሁን የዘገየሁት አውቄ ነው። የፓድ ቀለም የጋራ ደንብ የለውም። ሌክ ካንትሪ የተባለው የአሜሪካ ፓድ አምራች ቢጫ ጭረት ለመቁረጥ የሚሆን ጠንካራ ነው፤ የሩፔስ ቢጫ ለማጠናቀቂያ የሚሆን ለስላሳ ነው። ስለዚህ «ቢጫ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይሆንም። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫኑት። ጠንከር ብሎ ቶሎ የሚመለሰው ይቆርጣል፣ ልስልስ ብሎ የሚሰምጠው ያጠናቅቃል። ውፍረቱንም እዩ፤ ለዲኤ ቀጠን ያለው ይሻላል፣ ወፍራሙ ውዝዋዜውን ራሱ ውጦ ያስቀረዋል። ማይክሮፋይበር በዲኤ ላይ በደንብ ይቆርጣል። ግን ታሪኩን ለማናውቀው መኪና መጀመሪያ እሱን አላነሳም።

ይህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ታሪኩ የማይታወቅ መኪና ብዙ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ የተቀባ ኮሮላ አለ፣ አንዱ በሩ ክሊር ያለው ሌላው የሌለው። ክሊር የሌለው ቀለም ፓዱ ላይ ይወጣል፤ ነጭ መኪና ፓዱን ነጭ፣ ቀይ መኪና ቀይ ያደርገዋል። ያ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ግን ቀስ በሉ የሚል ምልክት ነው። በየመንገዱ ግንባታ ስላለ አቧራው አያባራም፤ ያንን አቧራ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ነው ኮፈኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚፈጠረው። ለዚያ ጭረት ብዙ ጊዜ መካከለኛ ስፖንጅ ይበቃል። የበግ ፀጉሩን ለከፋው አቆዩት።

ለአንድ መኪና አንድ ፓድ አይበቃም። አራት አምስት ያዙና እየቀያየራችሁ ሥሩ፣ አንድ የመኪና ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥርም ፓዱን በብሩሽ አጽዱ። ሲያበቃ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ኦሞና የፈላ ውኃ ስፖንጁን ከክሩ ያላቅቀዋል።

ከዞርኩባቸው ውስጥ የወደድኩት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው በኩል ያለውን ጠባቡን ሱቅ ነው። ዕቃው ከሌሎቹ አይበልጥም። ልዩነቱ ባለቤቱ ማሽኑን ይዛችሁ ስትገቡ «ግጠመውና እይ» ይላል፤ ሶኬትም ይሰጣል፣ ፕሌቱ ሲዞር ከእናንተ ጋር ጎንበስ ብሎ ያያል። ሁለት ፕሌት አውጥቶ አንዱን «ይሄ ይወላገዳል፣ አትውሰደው» ብሎኛል። ሌላ ቦታ ፕላስቲኩን እንኳ ሳልከፍት «ከተከፈተ ተገዝቷል» ተብያለሁ፤ እንደዚያ ከሚሉ ሰዎች ፓድ እንጂ ፕሌት አልገዛም። ስትሄዱ በሥራ ቀን ጠዋት ይሁን። ቅዳሜ ግፊያ ስለሆነ ለመሞከር ቦታም ፋታም የለም። ፕሌት ስትገዙ ደግሞ ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ መሃሉ ሲቀልጥ ሥራ እንዳይቆምባችሁ።