መነጽር የምታደርጉና ዳይቪንግ (የአየር ታንክ ይዞ ባህር ውስጥ መጥለቅ) ለምትጀምሩ፦ ኤላት ያለች አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው በእስራኤሏ የባህር ዳርቻ ከተማ ኤላት ውስጥ በአንድ የዳይቪንግ ዕቃ መሸጫ ለምትሠራ እህታችን ነው። ጥቆማው ደግሞ እንደ እኔ መነጽር ካላደረጉ የሰው ፊት ለማይለዩ፣ ግን ቀይ ባህርን ከላይ ብቻ ማየት ላልበቃቸው። ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፊ ብላኛለች፤ ስለዚህ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ሱቁን እነግረዋለሁ።

ዓይኔ ሩቅ አያይም። የቀኙ ቁጥር ማይነስ 4.75፣ የግራው ማይነስ 4.25 ነው። በሁለቱም ላይ ትንሽ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ወጥ ክብ ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) አለ። ዕድሜዬ ደግሞ ከአርባ አልፏል፤ የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ እጄን መዘርጋት ጀምሬያለሁ። ኮርስ ልጀምር ስል እናቴ «ምን ቆርጦሽ ነው ባህር ውስጥ የምትገቢው?» አለችኝ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፦ ገብቼስ ምን አያለሁ?

እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት በሌላ ከተማ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ሻጩ ስለ ዓይኔ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። መስታወቱ አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን የመጥለቂያ መስታወት) አመጣና «ይሄ ያምርብሻል፤ ኮንታክት ሌንስ አድርጊበት» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

የኤላቷ ልጅ ገና ሰላም እንደተባባልን «የዓይን ሐኪም ወረቀትሽን ይዘሻል?» አለች። ይዤ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተቀላቀለ ነው፤ ግን አንድም ነገር ሳይገባኝ አላለፈችም።

መጀመሪያ የነገረችኝ መነጽር ከማስክ ስር የማይደረግበትን ምክንያት ነው። ማስኩ ፊት ላይ የሚጣበቀው ዙሪያውን ባለው ለስላሳ ሲሊኮን ነው። የመነጽሩ እጀታ በጆሮ በኩል ሲያልፍ ሲሊኮኑ ክፍተት ይፈጥራል፣ ውሃም በዚያ ይገባል። እጀታውን ሰብሮ ፍሬሙን ውስጥ መለጠፍ የሚሞክሩ አሉ። እሷ ፊቷን አጨማደደች፣ አለፈችው።

ስፖርት ዕቃ ቤቶች ውስጥ በቁጥር የሚሸጠውን የዋና መነጽር ጠየቅኋት። «እሱን እንዳታስቢው» አለች። አፍንጫን ስለማይሸፍን ነው። 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ ከውሃው ወለል በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ በመነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ዓይንንም ይስባል። ማስክ ሲሆን በአፍንጫ ትንሽ አየር ትለቁበትና ይስተካከላል። በዋና መነጽር ግን አየር የምትልኩበት መንገድ የለም። ለዋና ገንዳ ጥሩ ነው፣ ለጥልቀት ግን አደጋ ነው።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ መጣን። እዚህ ላይ ነው ባለሙያ መሆኗ የገባኝ።

ሁለት የተለያዩ መስታወቶች ያላቸው አንዳንድ ማስኮች ሜዳ መስታወታቸው ወልቆ በቦታው ቁጥር ያለው ሌንስ ይገባል። እነዚህ ዝግጁ ሌንሶች በግማሽ በግማሽ ዲዮፕተር (የሌንስ ቁጥር መለኪያ) የሚዘልሉ ናቸው፤ አስቲግማቲዝምን ግን አያርሙም። በልክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የኦፕቲክስ ባለሙያ ሌንስ ቆርጦ ከማስኩ መስታወት ጀርባ ይለጥፈዋል። እሱ ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል። እኔ አስቲግማቲዝም ስላለኝ ውዱን ትሸጥልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ እስክሪብቶ አነሳች። የአስቲግማቲዝሙን ቁጥር ግማሽ ወስዳ ከዋናው ላይ ደመረች። በቀኝ በኩል 0.75 ነው፤ ግማሹ 0.375። ከ4.75 ጋር ሲደመር 5.125 ይሆናል። በግራ 0.50 ነው፤ ግማሹ 0.25፣ ከ4.25 ጋር 4.50። «ቀኙን አምስት፣ ግራውን አራት ተኩል እንሰጥሻለን። በልክ ማሠራት አያስፈልግሽም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ» አለችኝ።

ቀኙን ለምን ወደ 5.5 እንዳላሳደገችው ጠየቅኋት። ቁጥር ሲያጠራጥር ወደ ደካማው ማዘንበል ይሻላል አለች። አንደኛ፣ በውሃና በአየር መሃል ብርሃን ስለሚታጠፍ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር በማስክ ሲታይ አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው። ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜዬ ነው (ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሳቅሁ)። የሩቁ ቁጥር ሲበረታ፣ ከአርባ ያለፈ ሰው እጁ ላይ ያለውን የአየር መለኪያ ለማንበብ ይቸገራል። ውሃ ውስጥ ደግሞ ከዓሣው ይልቅ ዋናው መነበብ ያለበት እሱ ነው። ቅርብ ማንበብ ጨርሶ ላቃታቸው ከታች በኩል የማንበቢያ ቁጥር ያለው ሌንስም አለ።

አስቲግማቲዝማችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ይህ የግማሽ ሒሳብ አያዋጣም፤ እንደ እሷ አባባል ከአንድ ተኩል ሲያልፍ በልክ ማሠራቱ ይሻላል። መነጽራችሁ ፕሪዝም (የብርሃኑን አቅጣጫ የሚያዞር ሌንስ) ካለበትም እንደዚያው ነው።

የማስኩ ልክ ላይ ብዙ ቆየን። ማሰሪያውን ወደ ኋላ አጥፋ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ስስብ ሳይያዝ መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ወደቀ። ሁለተኛው ቆየ፤ ግን የስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) አፍ አስነከሰችኝና እንደገና አስሞከረችኝ። አፍ ነገር ሲነክስ ጉንጭ ስለሚለወጥ በግራ በኩል አየር አስገባ። ሦስተኛው አለቀቀም። አፍንጫዬን ከላይ በጣቶቼ መቆንጠጥ መቻሌንም አየች፤ ጆሮ የሚከፈተው በዚያ ነው። መስታወቱ ላይ ጠንካራ መስታወት መሆኑን የሚገልጸውን ጽሁፍ አሳየችኝ፤ እሱ የሌለበትን እንዳትገዢ አለች።

እናንተ ሹሩባ የምትሠሩ ይህችን ስሙ። ማስኩ ስር ግንባር ላይ አንዲት ጉንጉን ከገባች ውሃ ይገባል። የሲሊኮን ማሰሪያው ደግሞ ፀጉር ይነጫል። ሳልጠይቃት ማሰሪያውን የሚሸፍን ለስላሳ ጨርቅ አለበሰችልኝ። ይህን የሚያስብ ሻጭ ከየት ይገኛል!

ሌንሶቹን እዚያው ቁጭ ብዬ ቀየረችልኝ። ከዚያ ሬጉሌተር (ከታንኩ አየር የሚተነፈስበት ዕቃ) እና የአየር ጃኬት የተደረደሩበትን ጥግ ሳይ «እሱን ለጊዜው ተከራዪ» አለችኝ። ከማስኩ ሌላ የሸጠችልኝ የውሃ ጫማና በጫማ ላይ የሚታሰር የእግር ክንፍ ብቻ ነው። ኤላት ብዙ ጊዜ የሚገባው ከዳርቻ በእግር ነው፤ ድንጋዩ ባዶ እግርን አይምርም። የቀረውን ኮርሱን ጨርሰሽ፣ የሚመችሽን ለይተሽ ትገዢያለሽ አለች። ሻጭ ናት እኮ! መሸጥ ትችል ነበር።

ኮንታክት ሌንስን አልነቀፈችም። ለስላሳው ዓይነት አድርጎ የሚጠልቅ ብዙ ሰው አለ። ጠንካራው ዓይነት ግን ከስሩ አረፋ ሊይዝና እይታን ሊያደበዝዝ ይችላል። የሚያደርግ ሰው በቀን የሚጣለውን ይምረጥ፣ ማስክ በሚወልቅበት ልምምድ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍን፣ መለዋወጫም ይያዝ። ሌንስ ላይ የቀረ ውሃ ዓይን ሊያስመርዝ ስለሚችል ከባህር ሲወጣ ይጣለው። እኔ ዓይኔን መንካት ስለማልወድ ጉዳዩን እዚያው ዘጋሁት።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲመጣ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ስላለው በጉም ይሸፈናል፤ ብዙዎች በጥርስ ሳሙና ያሹታል። የእኔ ሌንስ ምንም ያልተቀባ መስታወት ስለሆነ ፈቀደችልኝ። የተለጠፈ ወይም ቀለም የተቀባ ሌንስ ያለው ሰው ግን አይሞክረው፣ ይጫራል።

ባህሩስ? መለኪያዬን ያለችግር አነበብኩ። ኮራል ቢች በሚባለው የኤላት ዳርቻ አንበሳ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ ከድንጋይ ስር ቆሞ ነበር፤ በክንፉ ላይ ያሉት መስመሮች ተለይተው ታዩኝ። የማስኩ የውጭ ገጽ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከውሃ ስወጣም ቁጥሩ ይሠራል፤ ዳርቻ ላይ የቆመችውን ልጄን ከሩቅ ለየኋት። ማስክ የማውለቁን ልምምድ ፈርቼው ነበር። ለካ ማስክ ሲወልቅ ውሃ ውስጥ ጤነኛ ዓይን ያለውም አጠገቤ እንዳለችው ልጅ ብዥ ነው የሚልበት! በዚያች ደቂቃ ሁላችንም እኩል ነን።

ልትሄዱ ካሰባችሁ በሳምንቱ መሃል፣ ጠዋት ሂዱ፤ ዓርብና ቅዳሜ ሱቁ ስለሚጨናነቅ አጠገባችሁ ልትቀመጥ አትችልም። የዓይን ወረቀታችሁ የቅርብ ጊዜ ይሁን። ቁጥራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉላት፤ ሁሉም ቁጥር ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ስትደውሉም የቀኝና የግራውን፣ አስቲግማቲዝሙንም ለይታችሁ ንገሯት፤ ሒሳቡን እሷ ትሠራዋለች።