የሳንቃ መንገድ ወይስ የጠጠር መንገድ፦ በደሴት ረግረግ ላይ ለሁሉም ጎብኚ የሚሻለው

በስኮትላንድ ሼትላንድ፣ በአንስት ደሴት የሚገኘውን የሄርማነስ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ለማየት ከሼትላንድ ዋና ደሴት የሚነሣ ጎብኚ በሁለት ጀልባ መሻገር አለበት። ሲደርስ የሚጠብቀው ፒት የተባለ፣ ውሃ ሲጠግብ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ውሃ የሚሆን ጥቁር አፈር ነው።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሳንቃ መንገድ አፈሩን ሳይጫንና የውሃውን ፍሰት ሳይገታ ያሻግራል። ይሁን እንጂ ሳንቃዎቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከተነጠፉ የተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማ በመካከላቸው ይሰነቀራል፤ አግድም ቢነጠፉም አልጌ ሲይዛቸው ያንሸራትታሉ፣ በሽቦ መረብ ካልተሸፈኑ በቀር። ጠርዙ ላይ መከታ ከሌለም ጎማው ወደ ረግረጉ ይወርዳል።

የተጠቀጠቀ ጠጠር ለጎማም ለምርኩዝም የተረጋጋ ነው፤ ለዓይነ ስውር ደግሞ ድምፁ ራሱ መሪ ነው። ነገር ግን ከባድ በመሆኑ ጥልቅ ፒት ላይ ይሰምጣል፤ ከሥሩ የጨርቅ ንጣፍ ይፈልጋል፣ ድንጋዩንም በጀልባ ማመላለስ ቀላል አይደለም።

በእኔ ግምት ፒቱ ስስ በሆነበት በመግቢያው አካባቢ ጠጠር፣ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ሳንቃ ይሻላል። በሁለቱም ላይ ከ1፡12 (በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከሚነሣ) የበለጠ ዳገት ወይም አንዲት ደረጃ ካለ ግን ምርጫው ትርጉም ያጣል።