ሐይቅ ላይ ካቢን ያለው ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ያላችሁ፣ በተለይ ከዓረብ አገር ተመልሳችሁ ለቤተሰብ መዝናኛም ለእንጀራም የሚሆን ነገር የምታፈላልጉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሰባት ሜትር ገደማ የሚሆን፣ መኝታና ትንሽ ኪችን ያለው አንድ ያገለገለ ነጭ ጀልባ በደላሎች እጅ እየዞረ ነው። ፎቶው በየቴሌግራም ግሩፑ አለ። «ሞተሩ ያልተነካ» ይላል። ተነክቷል። እንዴት እንደተነካ እነግራችኋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ ልቡ ጀልባ ላይ ነው። እዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን ጭነው ባሕር ሲወጡ ሲያይ ኖሯል። የተጠየቀው 2.8 ሚሊዮን ብር ነው። «አብሽር፣ ግን ሌላ ገዢ መጥቷል» ብለው አጣድፈው 150 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ነው እኔን የጠራኝ። እኔ ጣና ላይ በሞተሪስትነት ሠርቻለሁ፤ ካቢን ያለውም የሌለውም ጀልባ በእጄ አልፏል።

ጀልባው ሐይቅ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጧል። ቀለሙ ያብለጨልጫል። ካቢኑ ውስጥ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ መጋረጃ፣ ረከቦት ሳይቀር ከነሲኒው ተደርድሯል። ደላላው መጀመሪያ ልጆቹን ነው ወደዚያ የሚያስገባቸው። ልጅ አንዴ አልጋው ላይ ከዘለለ አባት ዋጋ አይከራከርም። እኔ በኋላ በኩል ዞርኩ።

ፕሮፔለሩና ካምቢዮው የሚታሰሩት የጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ጀልባ ግድግዳው ውጪው ፋይበር ግላስ፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ውጪው እንዳማረበት ይቆያል። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አንኳኳሁት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ፕሮፔለሩ አካባቢ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። አንዱን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ስፈታው ቡናማ ውሃ ጣቴ ላይ ወረደ። ሽታው የበሰበሰ እንጨት ነው። ጀልባው ውሃ ካየ ወራት አልፎታል ተብለን ነበር። «ጋሼ፣ የዝናብ ውሃ ነው» አለ ደላላው። የዝናብም ቢሆን ያው ነው፣ እንጨቱ አይመርጥም።

ይህን ማደስ ቀላል ሥራ አይደለም። ሞተሩ ይወርዳል። ፋይበሩ ተቆርጦ ይከፈታል። የበሰበሰው ተፍቆ ይወጣል። አዲስ እንጨት በሬዚን ተጣብቆ እንደገና ይለበጣል። ኮምቦልቻ የመኪና ባትላሜራ ጎበዞች ሞልተዋል። ግን እዚህ ላይ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት አይሠራም፤ በሙሉ ጉልበት ሲነዳ የሚገፋው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነውና።

የካምቢዮውን ዘይት ከታች ስናወጣው ሻይ በወተት መስሎ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የመረብ ክር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ የቆሮሶ መረብ ሞልቷል። ጎማው ብዙ ዋጋ የለውም። ካምቢዮው ግን ውሃ በገባበት ዘይት ተሽከርክሮ ጥርሱ ከተበላ ሌላ ወሬ ነው። ሌላ ጀልባም ብትገዙ ይህችን የዘይት ማውጫ ብሎን ሻጩ ፊት አስፈቷት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የሞተሩን ክዳን ስንከፍተው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የመኪና ነው። ባትሪ የሚሞላው አልተርኔተርም የመኪና። የቤንዚን ፓምፑም የመኪና። ደላላው «ተመሳሳይ ነው፣ እንዲያውም በርካሽ ይገኛል» አለን። መግጠሙን ይገጥማል። ልዩነቱ ወዲህ ነው። መኪና ሞተር ክፍሉ ከታች ክፍት ስለሆነ የቤንዚን ትነት ወጥቶ ይሄዳል። ጀልባ ግን ከታች የተደፈነ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ የጀልባው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ለጀልባ የሚሠራ ሞተሪኖና አልተርኔተር ብልጭታው ወደ ውጪ እንዳያመልጥ ተደርጎ የተዘጋ ነው። የመኪናው አይደለም። ቁልፉን ስታዞሩ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ከላይ ደግሞ አዲሱ ፍራሽ ላይ ልጆች ተቀምጠዋል።

ለዚህ ነው በእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ላይ ትነቱን ጠርጎ የሚያወጣ ፋን የሚገጠመው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሠራል፤ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ግዴታ ነው። የዚህኛው ጀልባ ፋን ሽቦው ተቆርጧል። ማብሪያው ግን በቦታው አለ፣ ስትጫኑት መብራቱም ይበራል። እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። የበሰበሰ እንጨት ሳያውቁት ሊሸጡት ይችላሉ፣ ልበል። መብራቱ ብቻ እንዲበራ ሽቦ ያዞረ ሰው ግን የሚሠራውን ያውቃል።

ማርሚታውም ካቢኑ ሥር ተሰንጥቋል። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ጭስ ከቤንዚን ሞተርም ይወጣል። ሽታ የለውም። ልጅ ካቢን ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለው የደከመው ይመስላችኋል። ካቢን ያለው ጀልባ የምትገዙ ሁሉ ይህን ጭስ የሚያውቅ አላርም ሳትገጥሙ ሰው አታስተኙበት።

«ከላንጋኖ የመጣ ነው» ተብለናል። ሞተሩ ከላንጋኖ ነኝ አይልም። የማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨው ተጋግሯል። ዝገትን በራሳቸው ላይ እየወሰዱ ሌላውን ብረት የሚያድኑት ቁርጥራጮችም ዚንክ ናቸው። ዚንክ የባሕር ነው፤ ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዥየም ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ይህ ሞተር የባሕር ውሃ ሲጠጣ ቆይቷል። የባሕር ውሃ የጭስ ማውጫውን ብረት ከውስጥ ይበላዋል፤ ሲሳሳ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። ካንዴላዎቹን አውጥተን ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት፣ ስንለካ ከስድስቱ ሲሊንደር ሁለቱ ከሌሎቹ በብዙ ያንሳሉ። የመለኪያ ጌጁ ደህና ጋራዥ ሁሉ አለው። ሻጩ ካንዴላ አይፈታም ካለ ኪሳችሁን ዝጉ።

እሺ፣ ጀልባው ጤነኛ ነው እንበል። ለሐይቅ ይሆናል ወይ? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ሐይቃችን ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በደህና ሞተር በሩብ ሰዓት ዳር እስከ ዳር ይደረሳል። መኝታው ለምን? ደሴ ቤታችሁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያ ተኙ። ከፍታው ደግሞ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። 190 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ እዚህ ወደ 150 ይወርዳል፤ ፕሮፔለሩ ካልተቀየረ ጀልባው ቤተሰብ ጭኖ አፍንጫውን ሽቅብ እንዳነሳ ይቀራል። ነዳጁ ግን አይራራም። ሙሉ ሲሰጠው በሰዓት 60 ሊትር አካባቢ ነው። ያለ ደብዳቤ በጀሪካን የሚቀዳላችሁ ማደያ ካገኛችሁ እኔንም ጥሩኝ። በየዓመቱ የሚቀየረው የውሃ ፓምፕ ጎማም ደሴ ሱቅ ውስጥ የለም።

ሰነዱን በአጭሩ። ያሳዩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ፎቶ ኮፒ ነው። ኦርጅናሉን አየን የሚል የለም። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2018 ሥሪት ነው አሉን። የአሜሪካ ጀልባ ከኋላ በቀኝ በኩል ላይኛው ጠርዝ ላይ 12 ፊደልና ቁጥር ይቀረጽበታል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዴሉ ዓመት ናቸው። በዚህኛው ላይ ያ ቦታ ስቱኮ ተሞልቶ ተቀብቷል። ጥፍራችሁን ብታሳርፉበት ይሰማችኋል።

ስለ ቀብዱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንዲህ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህ ነው የሚያጣድፈው። ውሉ ላይ «ጀልባው ሐይቁ ላይ ወርዶ፣ ሰው ተጭኖበት፣ በገዢው መካኒክ ተፈትሾ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አስጽፉ። አልጽፍም ካለ አትክፈሉ። የአክስቴ ልጅ ውል ላይ ይህ የለም። አሁን በሽማግሌ ይዘነዋል፤ ጉድለቱ ተደብቆ እንደነበር ለማሳየት የሽቦውንም የስቱኮውንም ፎቶ አንስተናል። እናንተም ስትፈትሹ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ደላላው ሲናገር ድምፁም ይግባ።

ጀልባ ካማራችሁ ካቢን የሌለው፣ ሞተሩ ከውጪ የሚንጠለጠል፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ፈልጉ። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ትነቱ በአየር ይሄዳል። ሞተሩን ማታ ሁለት ሰው አውርዶ በባጃጅ ቤት ይወስደዋል። ከዋጋው ላይ በልጅ ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት የሚገዛበትን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የአዋቂው ልጅን አንገቱ ላይ ሾልኮ ይጥለዋል። የሐይቁ ጥልቀት ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው።