ለወንድሜ ይግባኝ ለቆሙት ተከላካይ ጠበቃ ምስጋና

ይህ ምስጋና በፌደራል ፍርድ ቤት ለመክፈል አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች በነጻ ለሚቆሙ አንዲት ተከላካይ ጠበቃ ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ አልጽፍም። ሥራቸውን ግን ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ በሰው ግድያ ጥፋተኛ የተባለው በአንድ የዓይን ምስክር ቃል ነው። ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው የሥር ፍርድ ቤት ምክንያት አጭር ነበር፦ ምስክሩ ከተከሳሹ ጋር ጠብ የለውም፣ የሚዋሽበት ምክንያት የለም። ዘመድ አዝማዱ «ገንዘብ በልቶ ነው» እያለ ሰውዬውን ሲረግም ከረመ።

ጠበቃዋ ይህን ወሬ አልወደዱትም። «አንድ ምስክር አያስቀጣም የሚል ሕግ የለንም። ሰውዬውም አልዋሸ ይሆናል። ግን ምን ያህል አየ?» አሉን። ከዚያ መዝገቡን ገጽ በገጽ አነበቡ። ድርጊቱ የተፈጸመው ማታ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። ምስክሩ ያየው ከመንገድ ማዶ ሆኖ፣ ሰው ሮጦ ሲያልፍ ነው። ለፖሊስ የሰጠው ቃል «ረጅም፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ልጅ» ይላል፤ ስም የለበትም። የወንድሜን ስም የጠራው ችሎት ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ማን እንደታሰረ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ይለየው የተባለበት ጊዜም የለም። በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ብቻውን የቆመን ሰው «እሱ ነው» ማለት ምን ይከብዳል?

የይግባኝ ቅሬታውን የጻፉት በዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለ ወንድሜ ጨዋነት፣ ስለ እናታችን እንባ አንድ መስመር የለውም። (እናቴ በዚህ ትንሽ ተቀይማለች።) ይግባኝ ሰሚው ችሎት ዐቃቤ ሕግን አከራክሮ፣ ቃሉ ያለ ጥርጥር ጥፋተኛ ለማለት አያበቃም ብሎ ወንድሜን በነጻ አሰናበተው።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያነሳችሁ፣ «የመንግሥት ጠበቃ ለስሙ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ። ብቻ ቀኑ እንዳያልፋችሁ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ዝርዝር ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። «ከይግባኝ በኋላ የሰበር ችሎት አለ» ብላችሁም አትዘናጉ። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ምስክሩ ምን ያህል አየ የሚለውን ክርክር ይግባኝ ላይ ጨርሱት።

ወደ ተከላካይ ጠበቃ ስትሄዱ የምስክሮችን ቃል ግልባጭ ያዙ፤ እኛን መጀመሪያ የጠየቁን እሱን ነው። በጠዋት ድረሱ፣ ወረፋ አለ።