ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ስትከራዩ፦ ሰርቪስ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ የጭቃ ቤት?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። የቤት ፍለጋው ግን ለየቅል ነው። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የታክሲ ነገር ነው፤ እዚህ ራቀ የተባለውም ቦታ በባጃጅ ይደረሳል። እዚህ ጭንቁ ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ሦስቱን የቤት ዓይነቶች ሳወዳድር ከኪራዩ በፊት የማየው ፀሐይ፣ ውሃና ቆጣሪ ነው። ዋጋ ብጽፍላችሁ በወሩ ውሸታም እባላለሁ።

ከሰርቪሱ እንጀምር። በአከራዩ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩት ክፍሎች ናቸው። ሽንት ቤቱም ቧንቧውም የጋራ ነው። ከሦስቱ ርካሹ ይሄ ሲሆን ብቻውን ለመጣ መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ይስማማል። ግን ከክፍሉ ጋር የግቢውን ሕግም ትከራያላችሁ። የመጀመሪያዋ አከራዬ ክፍሉን እንኳ ሳያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ምጣድ አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። «ካውያስ?» አሉኝ። አዎ፣ አለኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዳ ይበዛብሃል?» ቀጠሉ። በመጨረሻ ቁልፉን እየሰጡኝ፣ «የውጪው በር ማታ ሦስት ሰዓት ይቆለፋል» አሉ።

ያኔ ክፋት መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ግቢው በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደረብ ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል፤ አንድ ምጣድ ሲጨመርበትማ አስቡት። ስለዚህ ሰርቪስ ስታዩ «መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው?» ብቻ አትበሉ። ሂሳቡ በምን እንደሚከፋፈል ጠይቁ፦ በክፍል? በሰው? በአምፖል?

ሌላው ጣጣ ብርዱ ነው። ብዙዎቹ ሰርቪሶች ስስ የብሎኬት ግድግዳና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ናቸው። ማታ ማታ ፍሪጅ ውስጥ መተኛት ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትን መፍትሔ የሚያደርግ አለ፤ እሱ ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ስለሆነ በጭራሽ አይሞከርም።

ኮንዶሚኒየሙ ላይ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም። ሽንት ቤቱ የግል፣ ቆጣሪው የግል፣ መግቢያ ሰዓታችሁንም የሚጠይቃችሁ የለም። እኔም በዚህ ተታልዬ ነሐሴ ላይ አራተኛ ፎቅ ተከራየሁ። ደላላው ቧንቧውን ከፈተልኝ፤ ውሃው ተንፎለፎለ። ጥር ሲገባ ግን ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ አላልፍ አለ። ሊፍት የለም። ሃያ ሊትር ጄሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ በቀን ሦስቴ አራት ፎቅ ይዛችሁ ስትወጡ «የግል ሽንት ቤት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይቀየራል። ሕንፃው ላይ ሮቶና ፓምፕ ካለ፣ ፓምፑም የሚሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። «አለ» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ሲሠራ እዩት።

የዚያ ቤት ሁለተኛው ጥፋት መስኮቱ ነበር፤ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ብርዱ በሚበረታባቸው ወራት አንዲት ጨረር እንኳ አልገባችልኝም። እዚያው ደረጃ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ግን መስኮቱ በደቡብ በኩል ስለነበር ከሰዓት በኋላ ሹራቡን አውልቆ ይቀመጣል! ኪራያችን አንድ ነበር።

ሦስተኛው፣ ሰው እንደ ኋላ ቀር የሚያየው፣ የድሮው የጭቃ ቤት ነው። እኔ ግን ለዚህች ከተማ እሱን እመርጣለሁ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት እስከ ሌሊት ያቆየዋል። ኮርኒስ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ። ብዙ ጊዜ ጓሮ አለው፤ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚሯሯጥበት። ምጣድም አያከራክርም፣ ቆጣሪው ለብቻው ከሆነ። አይጥ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፤ እሱን ከመግባታችሁ በፊት አሠሩት።

የጭቃ ቤት ዋናው አደጋ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ብዙው የውርስ ቤት ነው። አንድ ወዳጄ የስድስት ወር ከፍሎ ገባ፤ በሁለተኛው ወር ሌላ ወንድም መጥቶ «ማን አከራየህ?» አለው። የሚያከራያችሁ ሰው ካርታው በስሙ መሆኑን፣ ካልሆነም ውክልና መያዙን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ስለ ውሉ ባጭሩ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነው መሠረት ስለሆነ ከተማ አስተዳደሩ ሄዶ መጠየቅ ያዋጣል። ባይሠራ እንኳ ለድርድር ጥሩ መነሻ ነው። ደላላ ከያዛችሁም ኮሚሽኑ ከአንድ ወር ኪራይ ላይ ይሁን ከቅድሚያ ክፍያው ጠቅላላ ገና ቤት ሳታዩ ተስማሙ። በኋላ ቁልፉን ይዞ ነው የሚከራከራችሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አዲስ መጤ ከሆናችሁ ሦስት ወር ሰርቪስ ግቡና ከተማውን ልመዱ። ቤተሰብ ካላችሁ ወረቀቱ የጸዳ የጭቃ ቤት ፈልጉ። ኮንዶሚኒየም ግድ ካላችሁ ከሁለተኛ ፎቅ አትለፉ፤ መስኮቱም ወደ ደቡብ ይሁን።

ደላላው ቤቱን ስድስት ሰዓት ላይ ሊያሳያችሁ ይፈልጋል፤ ያኔ ሁሉም ቤት ይሞቃል። እናንተ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሂዱ። ጋቢ ተከናንቦ የሚወጣ ጎረቤት አይጠፋም። እሱን «ውሃ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» በሉት።