ኩማኖ ኮዶ፦ ተራራውን በእግር፣ ድካሙን በፍል ውሃ

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የጃፓኑን ኩማኖ ሄዶ ማየት ያዋጣል። ጃፓን የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ቶኪዮና ኪዮቶን ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። ግን ኩማኖን በአውቶቡስ ከመቅደስ መቅደስ እየዞራችሁ ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁት ብራችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡት። ቦታው የሚገባው በእግሩ ለሄደ ሰው ነው።

ኩማኖ ኮዶ አንድ መንገድ አይደለም። ከኦሳካ በስተደቡብ፣ በኪኢ ልሳነ ምድር ተራሮች ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱ የጥንት ተሳላሚዎች መንገዶች ናቸው። የሚያደርሱት ሦስት ታላላቅ መቅደሶች ጋ ነው፤ ሆንጉ፣ ሃያታማ እና ናቺ። ከሺህ ዓመት በላይ ሰው ተመላልሶባቸዋል። ዙፋናቸውን የለቀቁ ነገሥታት ሳይቀሩ ከኪዮቶ ተነስተው ይመጡ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጎ ሺራካዋ ብቻውን 34 ጊዜ ያህል ተሳልሟል ይባላል። ከነገሥታቱ በኋላ ተራው ሕዝብ ተከተለ፤ ከብዛቱ የተነሳ ጃፓኖች ራሳቸው «የጉንዳን ሰልፍ» እስከማለት ደርሰው ነበር። ዩኔስኮ መንገዶቹን ከነመቅደሶቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

እኔ የሄድኩት ናካሄቺ በሚባለው ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው፣ ምልክቱም የተሟላ ነው። ከኦሳካ ኪኢ ታናቤ ድረስ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ከዚያ አውቶቡስ ይዛችሁ ታኪጂሪ ትወርዳላችሁ። ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ሰው ለሁለት ቀን ይከፍለዋል። በየ500 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል፣ ስለዚህ መጥፋት ይከብዳል። ማረፊያውን ያስያዝኩት የታናቤ ከተማ የኩማኖ ቱሪዝም ቢሮ በሚያስተዳድረው ድረ ገጽ ነው። ይሄን አገልግሎት ሳላመሰግን አላልፍም። በየመንደሩ ያሉት ትንንሽ እንግዳ ማረፊያዎች በአብዛኛው የሽማግሌ ባልና ሚስት ቤቶች ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ግን ሁሉም እዚያ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበዋል። ሻንጣችሁንም ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በመኪና የሚያደርስላችሁ አለ። ክፈሉና አስወስዱት። ዳገቱ ከነሻንጣ የሚወጣ አይደለም።

ስለ ዳገቱ እውነቱን ልናገር። ታኪጂሪ ላይ ካለችው ትንሽ መቅደስ ጀርባ ጀምሮ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። የዛፍ ሥርና ድንጋይ እየረገጣችሁ ነው የምትወጡት፣ እና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉም ይከብዳሉ። ታካሃራ የምትባለው መንደር ስትደርሱ ግን ተራራው ከተራራ ጀርባ እየተደራረበ ይታያል፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ሸለቆው በጭጋግ ይሞላል። ታካሃራ ብታድሩ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን አሳጥሮ ጉልበት ያስቀራል። ከዝናብ በኋላ ድንጋዩ ክፉኛ ያንሸራትታል። የኪኢ ልሳነ ምድር በጃፓን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ የዝናብ ልብስና ጥሩ ጫማ የግድ ነው።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። ጫካው በፎቶ ሲታይ የጥንት ደን ይመስላል፣ ነገር ግን ሰፊው ክፍል ለእንጨት ተብሎ የተተከለ ጽድ ነው። ቀጥ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ፣ ከሥሩ ጨለማ፣ ወፍ የማይበዛበት። ሰዓታት ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር እያዩ መሄድ ያደክማል። ይሄን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

መንገዱን የሚያነቃቃው ኦጂ የሚባሉት ትንንሽ መቅደሶች ናቸው። «ዘጠና ዘጠኙ ኦጂ» ይባላሉ፤ ቁጥሩ ብዛታቸውን ለመናገር ያህል ነው። አንዳንዱ ዛሬ የቀረለት የተጻፈበት ድንጋይ ብቻ ነው። ብዙዎቹ አጠገብ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ማኅተም ተቀምጧል፣ በያዛችሁት ደብተር ላይ ራሳችሁ ትመታላችሁ። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ማኅተም ትልቅ ነገር ነው።

ከሆሺንሞን እስከ ሆንጉ ያለው የመጨረሻው 7 ኪሎ ሜትር ከሁሉም ደስ ይላል። መንገዱ በመንደር መሐል፣ በሻይ ማሳ ዳር ነው የሚያልፈው። ገበሬዎቹ በጨው የተቀመጠ ኡሜ፣ ማለትም የእነሱን ፕለም፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይሄዳሉ። ሻጭ የለም። ገንዘባችሁን ሣጥን ውስጥ ጨምራችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ ፉሺኦጋሚ ትደርሳላችሁ፣ የጥንት ተሳላሚዎች ሆንጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አይተው መሬት ላይ የተደፉበት ቦታ። እዚህ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኢዙሚ ሺኪቡ የምትባል የታወቀች ባለቅኔ ከሺህ ዓመት በፊት እዚህ ስትደርስ የወር አበባዋ መጣና መቅደሱ ሳልገባ ልመለስ ነው ብላ አዝና በግጥም ገለጸችው። ማታ በሕልሟ የኩማኖ አምላክ በግጥም መለሰላት፤ እኔ በዚህ አልከፋም፣ ነይ አላት። ኩማኖ ሴት ወንድ፣ ሀብታም ድሃ፣ በሽተኛም ሳይል ሁሉን ይቀበላል የሚባለው ስም የመጣው ከእንደዚህ ያለ ታሪክ ነው። የእኛ አገር ሴት ይሄን ስትሰማ ማንም ማብራራት አያስፈልገውም። እኔ ብዙ ቆሜ አስቤበታለሁ።

ሆንጉ ራሱ 158 የድንጋይ ደረጃ ወጥታችሁ የምታገኙት ነው። ቀለም ያልተቀባ እንጨት፣ በዛፍ ቅርፊት የተከደነ ጣሪያ። ያምራል። ግን እኔን የበለጠ የነካኝ ታች ያለው ባዶ ሜዳ ነው። መቅደሱ ጥንት የነበረው ኦዩኖሃራ በሚባል፣ ወንዞች በሚገናኙበት ደልዳላ መሬት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ታላቅ ጎርፍ መጥቶ አብዛኛውን ጠረገው። የተረፉትን ሕንፃዎች አሁን ወዳሉበት ኮረብታ አወጧቸው። ታች አሁን 33.9 ሜትር ቁመት ያለው የብረት የመቅደስ መግቢያ በር ቆሟል፣ ጃፓን ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው ይላሉ። ከበሩ ወዲያ ሣርና ዛፍ ብቻ ነው። ብዙ ጎብኚ በሩን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ግቡና ተቀመጡ።

«ክርስቲያን ሆኖ እዚያ መሄድ ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሙስሊም ጓደኞቼም ጠይቀውኛል። የእኔ መልስ ይሄ ነው፤ በእንግድነት ሂዱ። እዚያ የሚያመልኩት መግቢያው ላይ እጃቸውንና አፋቸውን በውሃ ያነጻሉ፣ ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ እንደገና አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ። እናንተን አድርጉ የሚል የለም። እኔ አላደረግኩም፣ ዳር ቆሜ ኮፍያዬን አውልቄ ዝም አልኩ፣ ማንም ክፉ ዓይን አላየኝም። ሰው የሚያከብረውን ማክበር እምነትን አያስቀይርም።

አሁን ወደ ፍል ውሃው። ለእኔ የጉዞው እምብርት ዩኖሚኔ ነው። ከሆንጉ በዳይኒቺ ኮረብታ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ተሻግሮ በሚገኝ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በመሐሏ ጅረት ይወርዳል፣ ከጅረቱ እንፋሎት ይነሳል፣ አየሩ ድኝ ድኝ ይሸታል። የድሮ ተሳላሚዎች እዚህ የሚታጠቡት ለመዝናናት አልነበረም። ሆንጉ ከመግባታቸው በፊት ሰውነታቸውን ለማንጻት ነው። ጠበል የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ቶሎ ይገባናል። መራመዱ፣ መታጠቡና መሳለሙ አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ አንዱን ነጥላችሁ ብትወስዱ ሌላው ይጎድላል። ለዚህ ነው ሆንጉን አይቶ በዚያው ቀን በአውቶቡስ የሚመለስ ሰው የሚያሳዝነኝ።

ጅረቱ ላይ ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች። ውስጧ ጹቦዩ የሚባል፣ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ቢይዝ ነው፣ ከድንጋይ የሆነ ገንዳ አለ። የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያለ፣ እስካሁን ሰው የሚታጠብበት ፍል ውሃ ነው። ቀጠሮ አይያዝም። ሄዳችሁ ከትኬት መሸጫው ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ በሩን ከውስጥ ዘግታችሁ 30 ደቂቃ የእናንተ ብቻ ነው። ማታ ማታ ወረፋው ይረዝማል፣ ስለዚህ ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ውሃው በጣም ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ትችላላችሁ። ቀለሙ በቀን ሰባት ጊዜ ይቀየራል ይባላል። እኔ ስገባ ወተት የተነካ ዓይነት ነጣ ያለ ነበር። ኦጉሪ የሚባል ጀግና ተመርዞ ሰውነቱ ከተበላሸ በኋላ በጋሪ ተጎትቶ መጥቶ እዚሁ ውሃ ውስጥ ዳነ ብለው ያወራሉ።

ከገንዳው ትንሽ ራቅ ብሎ 90 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ የሚፈልቅበት ጉድጓድ አለ፣ ሰው ምግብ የሚቀቅልበት። ከጎን ካለው ሱቅ እንቁላልና ስኳር ድንች በመረብ ከረጢት ገዝታችሁ ትነክሩታላችሁ። ጠዋት ደግሞ ማረፊያ ቤቶቹ በዚሁ ውሃ የበሰለ የሩዝ ገንፎ ያቀርባሉ። ለስላሳ ነው፣ ሆድ አይከብድም፣ ለመንገደኛ የተሠራ ምግብ ነው።

ስለ ሌሎቹ መታጠቢያዎች ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው፣ ግን ሁሉም ራቁቱን ነው። የዋና ልብስ አይፈቀድም። መጀመሪያ ውጪ ቁጭ ብላችሁ በሳሙና በደንብ ትታጠባላችሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ገንዳው። ፀጉር ውሃው ውስጥ አይነከርም፣ ፀጉሩ ረጅም ወይም ሹሩባ የሆነ ሰው ከፍ አድርጎ ይሰረው። ይሄ የሚከብደው ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። ጹቦዩ ወይም ቤተሰብ ለብቻው የሚከራየው ክፍል ለሱ ነው። ሌላው ንቅሳት ነው። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ መታጠቢያዎች ያለበትን ሰው አያስገቡም። ለእናቶቻችን የግንባር መስቀልና የአንገት ንቅሳት ግን ጌጥና እምነት ነው። እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በኢሜይል ይጠይቅ፣ እዚያ ደርሶ በር ላይ መመለስ ያማል።

ከሆንጉ ወደ ናቺ በእግር መቀጠል ይቻላል፣ ግን ጠንካራ ጉልበት ይፈልጋል። ዶጊሪ የሚባለው ዳገት ወደ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ያስወጣል። ጉልበታችሁን የምትጠራጠሩ ከሆነ በአውቶቡስ ሂዱ፣ ነውር የለውም። ናቺ ላይ 133 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ አለ፣ ፏፏቴው ራሱ ነው የሚመለከው። ከመቅደሱ አጥር ሳይለይ ደግሞ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ቆሟል፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1868 ሁለቱን እምነቶች፣ ማለትም የጃፓኖቹን ነባር እምነት ሺንቶንና ቡድሂዝምን፣ እንዲለያዩ እስኪያዝ ድረስ አንድ ላይ ነበሩ። የሚያምር ቦታ ነው፣ ነገር ግን ከረፋዱ ጀምሮ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ይሞሉታል። በዳይሞን ደረጃ፣ በትልልቆቹ ዛፎች መሐል በማለዳ ውጡ። እዚያ ያሉት ዛፎች የእውነት ጥንታውያን ናቸው።

ኮያሳንን የጨመርኩት በመጨረሻ ነው። ኩካይ የሚባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ816 የመሠረተው የገዳማት ከተማ ነው። ከኦሳካ በባቡር፣ ከዚያ ተራራውን በገመድ በሚጎተት ባቡር ይወጣል። ገዳም ውስጥ ማደር ይቻላል። ያደርኩበት ገዳም ግን ከከፈልኩት ጋር አልተመጣጠነም። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ እራቱ ተሠርቶ የቆየ፣ የጠዋቱ ጸሎት ላይ ደግሞ ስልክ የያዘ ጎብኚ ከመነኮሳቱ ይበዛ ነበር። ዋጋው ከመንደሮቹ ማረፊያ በጣም ይበልጣል። ኩማኖ ሴቱን ሁሉ ሲቀበል ኮያሳን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሴት አያስገባም ነበር፣ ሴቶች የሚቀሩበት የጸሎት ቤት ዛሬም ዳር ላይ ቆሟል። ሆኖም ኦኩኖኢን የሚባለውን የመቃብር ስፍራ ማየት ይገባል። ሁለት ኪሎ ሜትር በጽድ ሥር፣ ከ200,000 በላይ መቃብር። መጨረሻው ላይ ኩካይ አልሞተም፣ እስከ ዛሬ በጸሎት ላይ ነው ብለው ስለሚያምኑ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ምግብ ያደርሱለታል።

ለጾመኛ አንድ ወሳኝ ነገር። የገዳሙ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ቶፉው፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይቡ፣ ግሩም ነው። በኩማኖ መንደሮች ግን ሾርባው ሁሉ በዓሣ የተሠራ ነው፣ አትክልት ብላችሁ ብታዙም። ዓሣ የማይበላ ጾመኛ ከሆናችሁ ስታስይዙ በግልጽ ጻፉ። እራትና ቁርስ ያለው ማረፊያ በሰው ከ10,000 የን በላይ ነው፣ የምሳ ቋጠሮም ያዘጋጁላችኋል።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ መንደሮቹ ካርድ አይቀበሉም ማለት ይቻላል። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥሩው ጊዜ ጸደይና መኸር ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር ሚያዝያ እና ኅዳር አካባቢ። ሰኔ ዝናብ ነው፣ መስከረም አውሎ ነፋስ አለ። በጸደይና በመኸር ማረፊያው ቶሎ ስለሚያልቅ ከወራት በፊት አስይዙ፣ ቪዛውም ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ናቺንም ኮያሳንንም ይተዋቸው። ከሆሺንሞን ሆንጉ በእግር ይውረድ፣ ኦዩኖሃራ ይቀመጥ፣ ዩኖሚኔ ይደር።